መጨረሻ ለወጣ ሯጭ ልቅሶ ስንደርስ

አሜሪካ ውስጥ "ኢትዮጵያዊ ነኝ" ማለት ለእግር ከባድ ነገር ነው። ሰው አገርህን ሲሰማ ፊትህን ማየት ትቶ ቁልቁል ወደ እግርህ ያያል። እግርህን አይቶ ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ሆድህን ያገኘዋል። የኔን ሆድ ሳያገኙ ማለፍ አይቻልም። እዚያ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ያስባሉ፤ ከዚያ በትሕትና "ድሮ ትሮጥ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። "ድሮ" የምትለዋን ከየት እንዳመጧት እኔም አውቃለሁ፣ እነሱም ያውቃሉ።

እኔ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ከዴንቨር ኤርፖርት እስከ ከተማ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ተሳፋሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከየት ነህ ይላል። ከኢትዮጵያ እላለሁ። ኦ፣ ሯጮች ይላል። እኔም ምን ላድርግ፣ አገር ላለማሳፈር "አሁን አቁሜያለሁ" እላለሁ። ውሸት አይደለም እኮ። አዲስ አበባ እያለሁ አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እሮጥ ነበር። አንድም ቀን ደርሼበት አላውቅም እንጂ።

ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ማን ነው? እኛው ነን። ኦሎምፒክ ሲመጣ አይታችሁን ታውቃላችሁ? ወርቅ ሲመጣ "ድሮስ!" እንላለን። ብር ሲመጣ ስብሰባ እንቀመጣለን፤ አሰልጣኙ ምን ነካው፣ አየሩ ምን ነካው፣ ልጁ ቁርስ ምን በላ? ነሐስ ሲመጣ "እሱ ይማረው" ብለን ቻናል እንቀይራለን። አራተኛ የወጣማ ዘመዶቹ ስልክ አያነሱም። ይሄን ሁሉ የምንለው ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድመን፣ እግራችን ሥር ያለውን ሪሞት "እስቲ አቀብሉኝ" እያልን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አባት ላይ ነው እግዚአብሔር ሜሮንን የላከው።

ልጄ ሜሮን እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ተወልዳ ያደገች የሃይስኩል ተማሪ ናት። ሃይስኩል ስትገባ የሩጫው ኮች ስሟን አየ፣ ወላጆችሽ ከየት ናቸው ብሎ ጠየቀ፣ ሳያስሮጣት ክሮስ ካንትሪ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ ቲም ውስጥ አስገባት። ሰውየው የዚያን ሰሞን ሲራመድ ሎተሪ የወጣለት ነበር የሚመስለው። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ሜሮን መጨረሻ ወጣች። ኮቹ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማው ይሆናል አለ። ጫማ ቀየርን። በአዲሱ ጫማም መጨረሻ ወጣች። ያኔ ኮቹ ወደ እኔ ዞሮ እግሬን አየ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ያው ሆዴን አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ አንስቶ አያውቅም።

ቤት ውስጥ ታዲያ ምርመራ ተጀመረ። የኔ ወገን እንደሆነ የታወቀ ነው። ከኛ ዘር በሩጫ ስሙ የሚነሳ፣ ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲቆረጥ አይቶ የሮጠ አጎቴ ብቻ ነው። ሚስቴ ሰናይት ግን የአርሲ ልጅ ናት። አርሲ እኮ ሯጭ የሚዘራበት መሬት ነው። የኔም አንዱ ተስፋ እሱ ነበር። ሜሮን መጨረሻ በወጣች ቁጥር፣ ካርቶን ከፍቶ ሌላ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ሰናይትን አያታለሁ። እሷም ታየኛለች። አስተያየቷ "የአንተ ሆድ ነው የጎተታት" የሚል ነው።

ልብ በሉ፣ እኔ ለልጄ ክፉ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ችግሩ ፊቴ ነው። ፊቴ ምን እንደሚያደርግ እኔ አላየውም፤ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። ሜሮን ሩጫዋን ጨርሳ ስትመጣ "አይዞሽ" እላታለሁ። "አይዞሽ" ግን ብዙ ዓይነት አለው። ለፈተና የሚባል አለ፣ መርፌ ለምትወጋ ሴትዮ የሚባል አለ፣ መቃብር ዳር የሚባልም አለ። ከኔ አፍ የሚወጣው የመቃብር ዳሩ ነው። ቦርሳዋን እቀበላታለሁ፣ ትከሻዋን ደግፌ ወደ መኪና እወስዳታለሁ፣ ሬዲዮውን እዘጋለሁ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ከኋላዬ ያሉ መኪናዎች እንኳ ነገሩ ገብቷቸው ክላክስ አያደርጉም።

አንድ ቀን፣ ባለፈው ዓመት ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሜሮን ለእናቷ ነገረቻት። ሩጫውን አላቆምም አለች፤ ሩጫውን ትወደዋለች። ግን አባቷ እንዲመጣባት አትፈልግም። ሰናይት ለምን ብላ ስትጠይቃት ያለችውን፣ እኔ ኮሪደር ላይ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁት።

"ማሚ፣ ዳዲ ሲያየኝ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ።"

ከዚያ ወዲህ እኔ ሹፌር ብቻ ሆንኩ። አደርሳታለሁ፣ ራቅ አድርጌ ፓርክ አደርጋለሁ፣ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ያለፈው ዓመት የመጨረሻ ውድድር ላይም ያው መኪና ውስጥ ነበርኩ። የሰው አባት ሲጮህ በመስኮት ይሰማኛል። ክረምቱን በሙሉ ያሰብኩት ያንን ነው፤ አዲሱ ሲዝን ሲጀመር እንዴት አድርጌ ከመኪናው እንደምወርድ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልውሰዳችሁ።

እኛ የምንኖረው ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ነው። ከኛ ሁለት በር አልፎ ቴሞ የሚባል ሰው አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ የአበባ ሸሚዝ ይወዳል፣ በረዶ ሲዘንብም በነጠላ ጫማ ይወጣል። ከሚስቱ ከሉሲያና ከአክስቱ ጋር ነው የሚኖረው። የመጡት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት ነው። ደሴቲቱ አገር ናት፣ የራሷ ባንዲራ ያላት። ስሟን አልነግራችሁም። አንደኛ፣ ከሆነው ነገር በኋላ እኔ ስሟን ማንሳት ያሳፍረኛል። ሁለተኛ፣ ካርታ ላይ አታገኟትም። እኔ በስልኬ ፈልጌ አገኘኋት ብዬ ለሰናይት ላሳያት ስል፣ ለካስ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠ ቆሻሻ ነው፤ በእጇ ስትጠርገው አገሩ በሙሉ ጠፋ።

ይህች ደሴት ታዲያ በዚሁ ክረምት ለኦሎምፒክ ሯጭ ላከች። ሯጩ የቴሞ የእህት ልጅ ነው፣ ማኑ ይባላል፣ መቶ ሜትር ነው የሚሮጠው። ሌላ ሯጭ የለም። ባንዲራውን የሚይዘውም እሱ፣ ከባንዲራው ኋላ የሚሰለፈውም እሱ ነው ለማለት ይቻላል። ቴሞ እንደነገረኝ ደሴቲቱ ላይ መሮጫ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ሰፊ ቦታ ቢኖር የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ሕዝቡ እዚያ ኳስ ይጫወታል፣ ይናፈሳል፣ ማኑም ይለማመዳል። አውሮፕላን ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል።

ይሄን ሲነግረኝ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሩጫ ምክር ሲፈለግ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል? ቴሞም ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ፤ እሱ ደግሞ ከሌላው ሰው የሚለየው እግሬን ሳያይ በማመኑ ነው። ስለዚህ ለማኑ እንዲህ ብለህ ንገርልኝ አልኩት፤ መጀመሪያ ላይ ኃይልህን ቆጥብ፣ ከመሪዎቹ ኋላ ተደብቀህ ቆይ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ አፈትልክ። ቴሞ በአክብሮት ሰማኝ፤ እነግረዋለሁ አለኝ። መቶ ሜትር ዙር እንደሌለው የነገረችኝ ሰናይት ናት፣ ማታ እራት ላይ። በዚያን ሰዓት ምክሬ ባሕር ተሻግሮ ነበር።

ውድድሩን ያየነው ኤርፖርት አጠገብ ባለው የሹፌሮች መጠበቂያ፣ በጋሽ ኪዳኔ ስልክ ነው። ጋሽ ኪዳኔን ሳላስተዋውቃችሁ አላልፍም። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ አዲስ አበባ የኖሩ፣ ዛሬም እንደኛው የሚነዱ አዛውንት ናቸው። በእድራችን ውስጥ የማስተዛዘን ሥልጣን የሳቸው ነው። ማንም አልሰጣቸውም፣ ማንም ግን አይወስድባቸውም። ልቅሶ ቤት ሲገቡ ሌላው ሰው እስካሁን ያለቀሰው ልምምድ ይመስላል። ለማያውቁት ሰው እንኳ እንባ አያጥራቸውም።

ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ አቁመን ተሰበሰብን። የምናየው የማጣሪያ ማጣሪያውን ነው፤ ትናንሽ አገሮች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው የሚሮጡበት። ማኑ በየትኛው መስመር እንዳለ ስፈልግ ተኩሱ ተተኮሰ። ሳገኘው ውድድሩ አልቋል። መጨረሻ ወጥቷል።

ጋሽ ኪዳኔ ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ግን ከሁሉም የባሰ ነገር ነበር የያዘኝ። ልጁ ሲነሳ ቀስ ያለ አልመሰላችሁም? ኃይሉን እየቆጠበ ቢሆንስ? የመጨረሻውን ዙር እየጠበቀ ቢሆንስ?

ቴሞን እንዴት ብዬ ልየው? በዚያ ሳምንት ቆሻሻ ለመጣል እንኳ የምወጣው እሱ ሥራ መሄዱን አይቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሰናይት በመስኮት ስታይ ቆየችና ጠራችኝ። የቴሞ ቤት ፊት መኪና በመኪና ሆኗል። ሰው ይገባል። የገባ አይወጣም። ሴቶቹ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። ከውስጥ ደግሞ በብዙ ድምፅ የሚዘመር፣ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ዜማ ይሰማል። ሰናይት አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ልቅሶ አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜን እንደሚጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

አለመሄድ አይቻልም ነበር። ጎረቤት ነው። ምክሩም የኔ ነው።

ሰናይት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ወቅቱ ፍልሰታ ስለሆነ ምስር ወጥ በትልቁ ድስት ነበራት፣ እሱን አነሳች። እኔ ጥቁሩን ኮቴን ለበስኩ፤ ከሠርጌ ሱፍ የበለጠ ሥራ ያየ ኮት ነው። ጋሽ ኪዳኔ ስንደውልላቸው ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም፣ አድራሻውን ብቻ ነው የጠየቁት። ወዲያው ደረሱ፣ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እዚህ አገር ቅዳሜ ቀን ውሃ በካርቶን የተሸከመ ሀበሻ ካያችሁ ሰው ሞቷል። ሜሮንን ይዘናት እንሂድ ብለን ነበር፤ ጓደኛ ጋ ናት አለች ሰናይት። ሜሮን ባለመኖሯ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ ፊቴን ይዤ እንደምሄድ አውቄዋለሁ።

ልቅሶ ቤት አገባብ አለው። ጮክ ብሎ ሰላምታ የለም። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። በሩ ሲከፈት አንገት ደፍተን ገባን፣ ግድግዳውን ታክከን ባዶ ወንበር ፈለግን፣ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ ኪዳኔ ውሃውን መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጡና በአማርኛ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉ። እሳቸው ሌላ ሌላውን በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ይሄን ግን በእንግሊዝኛ ማለት ግማሽ ልብ ነው ይላሉ። ከዚያ እኛ ዝም። ልቅሶ ላይ ዝም ማለት ነው ደንቡ።

ቀና ብል ምን አያለሁ? ጠረጴዛው ላይ ሙሉ አሳማ ተጠብሶ ተጋድሟል፣ በአፉ ፍሬ ጎርሷል። ፊቱ ደግሞ ወደ ጋሽ ኪዳኔ ነው። ፍልሰታ፣ አሳማ፣ ፊት ለፊት። ጋሽ ኪዳኔ አንዴ አዩትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሰው አገር ሐዘን የሰው አገር ነው፣ ብለው ይሆናል።

ዝማሬው ቆሟል። ቴሞ በአበባ ሸሚዙ መሐል ቤቱ ላይ ቆሞ ያየናል። የሰናይትን ነጠላ አየ፣ ኮቴን አየ፣ ውሃውን አየ፣ በመጨረሻ ፊቴን አየ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። ወደ ዘመዶቹ ዞሮ በቋንቋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ሁሉም ሳህናቸውን አስቀመጡ። መጥተው ከበቡን። አሮጊቷ አክስቱ ሰናይትን አቀፏትና ማልቀስ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸሎት አደረጉ።

እኔም በልቤ፣ አየህ፣ ነገሩ ከባድ ነው አልኩ። እንዲህ የሚያለቅሱት ቢጎዱ ነው። ሰናይትም የአሮጊቷን እንባ ስታይ አለቀሰች። ጋሽ ኪዳኔማ ይሄን ሲጠብቁ ነበር፤ ደረታቸውን እየመቱ "ወይ ልጄ፣ ወይ አንድ ለእናቱ" ሲሉ፣ ቋንቋውን የማያውቁት ደሴተኞች በሙሉ ተንሰቀሰቁ። እኔ ቴሞን እጁን ይዤ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምክሩን መስጠት አልነበረብኝም አልኩት። እሱ ደግሞ እያቀፈኝ ራስህን አትውቀስ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አለኝ። እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው ብዬ የባሰ አለቀስኩ።

ይሄኔ የማዕድ ቤቱ በር ተከፈተና ሜሮን ትሪ ይዛ ወጣች።

ራሷ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርጋለች። ሽርጥ አገልድማለች። ጓደኛ ጋ ናት የተባለችው እዚህ ኖሯል። ቤቱን በሙሉ በእንባ ተነክሮ ስታየው ትሪውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች፤ ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ደሴተኞቹ በሙሉ ወደ እኛ ጠቆሙ። እኛ ወደ ደሴተኞቹ ጠቆምን።

ልጄ በትምህርቷ እንዴት እንደሆነች አልናገርም፤ የኔን ፊት ግን ሸምድዳዋለች። አንዴ ብቻ አየችኝ። ከዚያ ለቤቱ ሰው በሙሉ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሐኪም አስረዳች።

"ማንም አልሞተም። አባቴ የመጣው ማኑ መጨረሻ ስለወጣ ነው።"

ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ ስመለከት፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ የሚያየኝ መሰለኝ። መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቷ ናቸው። ሰናይትን እንዳቀፉ፣ እንባቸው ሳይደርቅ፣ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ከዚያ ሉሲያ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ቴሞ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው። ሰናይት እንኳ ከዳችኝ፤ በተዘቀዘቀ ነጠላዋ ውስጥ ተሸፍና ስትስቅ ትከሻዋን አየሁት። ያልሳቁት ጋሽ ኪዳኔ ብቻ ናቸው። ተርጉሙልኝ አሉ፤ ሜሮን ስትተረጉምላቸው፣ "ታዲያ መጨረሻ ከወጣ እኮ መምጣታችን ልክ ነው" አሉ።

ቴሞ ሳቁን ሲጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ። እኛማ ድግስ ላይ ነን አለኝ። ማኑ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ ሮጦ አያውቅም፤ ከደሴቲቱም እንደሱ የሮጠ የለም። ምክሬንም ነግሮት ነበር፤ ማኑ በጣም ስቆ፣ ጭንቀቱ ለቆት ነው ወደ ሜዳ የገባው። እኔም መጨረሻ መውጣቱስ አልኩት፣ በትሕትና። እሱ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

"እኛ ጋ የጀልባ ውድድር ሲኖር፣ አንደኛ የወጣው ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ድግሱ የሚጀመረው የመጨረሻው ጀልባ ሲገባ ነው። እሱ ገባ ማለት ባሕሩ ማንንም አላስቀረም ማለት ነው። የአበባ ጉንጉኑም የሚጠለቀው ለሱ ነው።"

እኛ ጋ መጨረሻ የሚገባውን ሯጭ ስሙን የሚያውቀው የስታዲየሙ ዘበኛ ነው፤ በር ሊዘጋ ስለሚጠብቀው።

እፍረቴን የማደርግበት ሳጣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። ውሃ ሳሎን ውስጥ በካርቶን እንዳለ ረስቼ አይደለም፤ እሱን መክፈት ድፍረት መሰለኝ። ማቀዝቀዣው ላይ የማኑ ፎቶ ተለጥፏል፣ ባንዲራ ይዞ። ከጎኑ ሌላ ፎቶ አለ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ሜሮን ናት። በቲሟ ማሊያ፣ ላብ በላብ ሆና፣ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ልጄ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ሉሲያ ከኋላዬ መጥታ ነገረችኝ። እሷ የሜሮን ትምህርት ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ውድድር ሲኖር አበባ ሠርታ ትሄዳለች፣ መጨረሻ ለምትገባው ልጅ። ፎቶው ያለፈው ዓመት የመጨረሻ ውድድር ነው። እኔ መኪና ውስጥ የነበርኩበት። በመስኮት ይሰማኝ የነበረው ጩኸት የሰው አባት አልነበረም ማለት ነው፤ ቴሞ ነው፣ ለኔ ልጅ የሚጮኸው።

ሜሮን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለታችንም ፎቶውን አየን። ዘንድሮ ብመጣስ አልኳት። አሳማው ወዳለበት አየች፣ ጋሽ ኪዳኔ ወዳሉበት አየች፣ ወደ ኮቴ አየች። ከዚያ ሕግ አወጣች። ኮቱ ይቀራል። "አይዞሽ" የለም። ከቴሞ ጎን እቆማለሁ፣ ቴሞ የሚያደርገውን አደርጋለሁ። ፊቱ ደግሞ አይመጣም።

"ፊቱ" ያለችው እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዘመድ አድርጋ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በኋላ ማሳያ መስታወት ፊት ስለማመድ ከረምኩ። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ፈገግ፣ ጥርስ ገለጥ፣ ቅንድብ ከፍ። አንድ ተሳፋሪ ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላዋ ሳልደርስ እዚሁ አውርደኝ አለች።

የሲዝኑ መክፈቻ ውድድር እዚሁ ዴንቨር ያለው ሴንትራል ፓርክ ነበር፣ ትልቁ መናፈሻ ላይ። ያ ሰፈር ድሮ የከተማው ኤርፖርት እንደነበር ለቴሞ ስነግረው መሬቱን በነጠላ ጫማው መታ መታ አድርጎ በጣም ተደሰተ፤ ሩጫ ማለት እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው አለ። እኔ ከሱ የተዋስኩትን የአበባ ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ እሱ ላይ ሰፊ የሆነው ሸሚዝ እኔ ሆድ ላይ ሲደርስ ቁልፎቹ ኃላፊነታቸውን አልቀበልም አሉ። ሰናይት መጥታለች፣ ሉሲያና የቴሞ ዘመዶችም መጥተዋል። ጋሽ ኪዳኔም መጥተዋል፣ ካርቶን ውሃ ተሸክመው። ለመጠጥ ነው ብለው አስቀድመው ተናገሩ።

ልጆቹ ተነስተው ከጉብታው ኋላ ጠፉ። ቆይተው የፊተኞቹ መጡ፣ አለፉ። መካከለኞቹ መጡ፣ አለፉ። ከዚያ ጉብታው ባዶ ሆነ። ድሮ ፊቴ የሚመጣው ይሄኔ ነበር። ቴሞን አየሁት፤ ትልቅ ሰውዬው በእግሩ ጣት ቆሞ እንደ ሕፃን ይዘላል። እኔም ዘለልኩ። ሜሮን ከጉብታው ላይ ብቅ ስትል ቴሞ ጮኸ፣ እኔ ከቴሞ በላይ ጮህኩ፣ ሰናይት እልልታዋን ለቀቀችው። አንዱ ቁልፍ በዚያው ሄደ። አጠገቤ የቆመ አንድ ፈረንጅ አባት አንደኛ ወጣች እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ "መጨረሻ ናት!" አልኩት። ሰውየው ነገሩ ሳይገባው እጄን ጨበጠኝ።

ሜሮን መስመሩን አለፈች። እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ፤ አዎ፣ ሮጥኩ፣ ምስክር አለኝ። ሉሲያም አበባውን ይዛ ተነሳች። አንገቷ ላይ ስታጠልቅላት ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ሉሲያ ግን ሜሮንን ሳም አድርጋ አልፋት ሄደች።

ዞር ብዬ ባይ ከጉብታው ላይ ሌላ ልጅ ትመጣለች። ከቶርንተን የመጣ ትምህርት ቤት ማሊያ ለብሳለች፣ ፊቷ ቲማቲም ሆኗል፣ እግሯ እየተጠላለፈ ትሮጣለች። ደሴተኞቹ በሙሉ ወደሷ ሄዱ። ዘፈኑ ለሷ ሆነ፣ ጭፈራው ለሷ ሆነ፣ አበባው አንገቷ ላይ ገባ። ፎቶም ተነሳች።

ሜሮን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እያለከለከች ቀና አለችና ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ቀድማለች። እኔ ደስ እንዲለኝ ነበር የሚገባው። ግን እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። ስንት ሳምንት የተለማመድኩት ለመጨረሻ ነው። ሸሚዙ ለመጨረሻ ነው። ለፈረንጁም መጨረሻ ናት ብዬ ተናግሬያለሁ። አበባው ከዓይኔ ሥር ወደ ቶርንተን ሄደ። ሳላስበው ጠጋ ብዬ፣ ምናለ ትንሽ ቀስ ብትይ ኖሮ አልኳት።

ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ።

"ዳዲ፣ ፊቱ መጣ።"

ልመልሰው ሞከርኩ፤ ቅንድብ ከፍ፣ ጥርስ ገለጥ። አልሆነም። ጋሽ ኪዳኔ ከሩቅ አይተውኝ ኖሯል። ከካርቶኑ አንድ ውሃ መዝዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው መጡ። ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀመጡና ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አሉኝ።